ያንተ ውጋት

ውድ አባዬ፣

ይህን ወረቀት ካገኘኸው አመልህ አልለቀቀህም ማለት ነው። ሌላ ሰው አዲስ ጫማ ሲሰጡት እግሩን ያስገባል፤ አንተ የውስጡን ቆዳ ገልጠህ ስፌቱን ታያለህ። እዚህ የደበቅኩትም ለዚሁ ነው። ታላቅ ወንድሜ "አባዬን የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይደርሰው" እያለ የሚላክልህን ደብዳቤ ሁሉ ቀድሞ እንደሚያነብ አውቃለሁ። የጫማ ውስጥ ግን አይከፍትም።

አሁን ቁጭ በል። ተቀመጥክ? ጫማውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

"ልቤ ነው፤ ከእንግዲህ በቃኝ" ብለህ ሱቁን ቆልፈህ ወንድሜ ዘንድ በሄድክ በሁለተኛው ሳምንት ከፈትኩት። በስልክ "ሱቁ እንዴት ነው?" ስትለኝ "እንደቆለፍከው ነው" እልሃለሁ፤ ማስቲሹ እጄ ላይ እየደረቀ። ልቡ አይችልም ብለን ስምንት ወር ሁላችንም ዋሸንህ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ባስኩ። ይቅር በለኝ።

ጎኔን ባያመኝ ኖሮ አሁንም ዝም እል ነበር። ከሁለት ወር በፊት ከደረቴ በስተግራ ወጋ አደረገኝ። ሳስነጥስ ውግት፣ ስስቅ ውግት፣ በግራ ስተኛማ አይጣል ነው። መጀመሪያ ናቅኩት። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ እጄን የት እንዳደረግኩ አየሁ፤ ልክ አንተ ሲወጋህ እጅህን የምታደርግበት ቦታ፣ የአውራ ጣቴ አቀማመጥ ሳይቀር። ክው አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ይሄ ነገር ምን ይሆን እያልኩ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው "ብርድ ነው፤ በር ከፍተሽ እየዋልሽ መትቶሽ ነው" አለኝ። ሚስቱ "ኧረ ጨጓራ ነው! መቼ ምሳ ትበያለሽ አንቺ?" አለች። ቆዳ የሚያመጣልን ሰውዬ ደግሞ "አልማዝ ባለጭራ እንዳይሆን ብቻ፤ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት እንዲህ ነው የሚያደርገው" ብሎ ሄደ። ሦስት ቀን ሙሉ ጎኔን በመስታወት ስመረምር ከረምኩ። ምንም አልወጣም።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አንተ "የማውቀውን ምን ሊነግሩኝ ነው?" የምትለው ቦታ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጥያቄዋ ግን አያልቅም። ወድቀሻል? ሳል አለሽ? ትኩሳትስ? ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሻል? ሕመሙ ወደ ክንድሽ ይሄዳል? ስትበዪ ይብስብሻል? እኔም ለምን እንደጠየቀችኝ መልሼ እጠይቃታለሁ፤ ሳትሰለች ትነግረኛለች። የተሰነጠቀ አጥንት ሊሆን ይችላል፣ ሳንባ ሊሆን ይችላል፣ ልብ፣ ሐሞት። አንድ ጎን ይህን ሁሉ ጉድ ይዞ እንደሚዞር አላውቅም ነበር። ልቤን በማሽን አየችው፤ ደህና ነው። ራጁም ንጹህ ሆነ። ከዚያ በአንድ ጣቷ የሚያመኝን ቦታ ጫን ስታደርገው ጮህኩ። "ሥራሽ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ወረቀቱ አለቀብኝ። ቀሪው በግራው ጫማ ውስጥ ነው።

አገኘኸው? ጎበዝ።

"ጫማ ሰፊ ነኝ" አልኳት።

"እስቲ እንዴት እንደምትሠሪ አሳዪኝ።"

የእግሬን ጫማ አወለቅኩና ተረከዙን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ ሶል እንደሚቆርጥ ሰው እጄን ወደ ራሴ ሳብኩ።

"ቆይ ቆይ! ቀኑን ሙሉ ደረትሽ ላይ ነው የምታስደግፊው?"

"አባቴ እንደዚህ ነው ያስተማረኝ።"

ሳቀች። ለካ ጎድን ከደረት አጥንት ጋር የሚገናኝበት ለስላሳ አጥንት አለ፤ ጫማው የሚወጠርበት ፎርማ በየቀኑ ሲደቁሰው እሱ ተቆጥቶ ኖሯል። "ታዲያ የአባቴም ይሄው ነዋ!" ብዬ ከወንበሩ ብድግ አልኩ። እሷ ግን ሳቋን አቆመች።

"የእሳቸውን ካንቺ ጎን ማወቅ አልችልም። በእሳቸው ዕድሜ መጀመሪያ መታየት ያለበት ልብ ነው። ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ።"

አያቴ እጁን እዚያው ቦታ ላይ እንዳደረገ መሞቱን ነግረኸኛል። እሱም ጫማ ሰፊ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አላየለትም። ሐኪም የምትሸሸው ለዚህ እንደሆነ አሁን ገባኝ። እኔም ፈርቻለሁ፣ አባዬ። ልብህ ከሆነ እንታከማለን፤ ከአጠገብህ አልለይም። ጎድንህ ከሆነ ግን ያን ምስኪን ልብ ስምንት ወር በከንቱ አማነው ማለት ነው። የቱ እንደሆነ ሳላውቅ መቀመጥ አልችልም።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ይህን ጫማ አድርገህ ና። የቀኙ ስፌት ተረከዙ ጋ ጠሟል፤ እስካሁን አይተኸዋል፣ አውቅሃለሁ። አትደውልልኝ፤ ቁጣህን አስቀምጠው። ለልብህ ተብሎ ሁሉም በሹክሹክታ ሲያወራ አንድ ቀን እንኳ ስትቆጣ አልሰማሁህም፤ ናፍቆኛል። ከሐኪሟ ዘንድ ስንወጣ ሱቅ እንሄዳለን። አንተ በርጩማህ ላይ ተቀምጠህ ያችን ስፌት እያሳየኸኝ እንደ ድሮው ትቆጣኛለህ።

እኔ ቆሜ እሰማለሁ።

ሱቅህን የከፈተችው ልጅህ