ሁለት ሰው የሚሸከም መንኮራኩር

ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የትከሻሽ አጥንት እንዴት እንደ ያዘ እጠይቃለሁ። እኛ ደኅና ነን። የእናትሽ ጉልበት እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ያስቸግራታል፤ የእኔም ዓይን ከመነጽሩ ጋር መጣላት ከጀመረ ሰነባብቷል። ከዚህ የከፋ ነገር የለብንም።

ከብስክሌት ከወደቅሽ በኋላ ሥራሽን ትተሽ ለመመለስ መቁረጥሽን የሚገልጸው ደብዳቤሽ ከብስክሌትሽ ጋር በአንድ የጭነት መኪና ደረሰን። እናትሽ ደብዳቤውን አንብባ ሳትጨርስ መጥረጊያ አነሣች። የድሮ ክፍልሽ ተጠርጓል፤ ግድግዳውም ተቀብቷል። ቀለሙን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ይህንም ያደረግሁት እርሷ የመረጠችው ለዓይን የሚከብድ ስለ ነበረ ብቻ ነው።

ነገር ግን ብስክሌቱን ከመኪናው ሲያወርዱት የኋላ መንኮራኩሩ እንደ ተረገጠ ጣሳ ተጣምሞ አየሁትና ያን ጊዜ አንድ ነገር ወሰንሁ። ሰው ደክሞት ሥራውን ቢተው ወይም የሚሻለውን ቢያገኝ አልነቅፈውም። ሰነፍ እጅ በሠራው መንኮራኩር የተነሣ ግን ልጄ ከሥራዋ አትነሣም። ስለዚህ የሚታመን መንኮራኩር የሚሠራ ሰው ፍለጋ ወጣሁ።

እናትሽ በሩ ላይ ቆማ፣ "ልጅቷ እመጣለሁ ብላለች። አንተ ለማን ነው ጎማ የምታሠራው?" አለችኝ።

"ለብስክሌቱ" አልኋት።

"ብስክሌቱ ጻፈልህ?"

ባርኔጣዬን አድርጌ ብስክሌቱን እየጎተትሁ ወጣሁ።

ሙያውን አላውቀውም፤ ሰውን መፈተን ግን ዕድሜዬን ሙሉ የኖርሁበት ሥራ ነው። ስለዚህ ለሁሉም የማቀርበው አንድ ጥያቄ አዘጋጀሁ፤ "ከሠራኸው ውስጥ የተሰበረብህ አለ?" የሚል። በገበያው መግቢያ ያለው ባለ ሱቅ፣ "የእኔ ዕቃ? በጭራሽ፣ አባባ። ይኸው ከፋብሪካ እንደ ወጣ፣ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም" አለኝ። የጠየቅሁት ስለ ሠራው ነበር፤ እርሱ የመለሰልኝ ስለሚሸጠው ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለው ጠጋኝ ደግሞ፣ "ኧረ ሞልቷል፣ ግን ጥፋቱ የነጂዎቹ ነው። ሰው መንዳት አያውቅማ" ካለ በኋላ፣ የያዝሁትን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ "ነገ ጠዋት መጥተው ይውሰዱ" ብሎ ቃል ገባልኝ። ሳያይ ቃል የሚገባ ሰው ሳያይ ይሠራል። ሁለቱንም አመስግኜ ተለየኋቸው።

ሦስተኛዋ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምትሠራ ሴት ናት። ለመንኮራኩሩም ለደንበኛውም የምትናገረው አንድ ዓይነት ቃል ስለ ሆነ ሰፈሩ "ቀጥ በል" ይላታል። ጥያቄዬን ስጠይቃት መፍቻዋን ሳታስቀምጥ በአገጭዋ ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ። የተጣመሙ መንኮራኩሮች ተሰቅለውበታል።

"እነዚያ በሙሉ የእኔ ናቸው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን ትሰቅያቸዋለሽ? ደንበኛ ያሸሹብሻል።"

"የሚሸሽ ይሽሽ። ያ ከበሩ አጠገብ ያለው ሽቦውን አላልቼ የሠራሁት ነው። ከሥሩ ያለው ብረቱ ርካሽ ነበር፤ እያወቅሁ ነው የገዛሁት። ይኼኛው ለምን እንደ ተሰበረ ግን እስካሁን አልገባኝም፤ ሲገባኝ አወርደዋለሁ። ሌላ ፈተና አለ ወይስ የያዙትን ልየው?"

ብስክሌቱን አስረከብኋት። በጣቷ ዙሪያውን እየዳሰሰች ነጂዋ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። አዋላጅ ነርስ እንደ ሆንሽና ከመንደር መንደር እየዞርሽ ነፍሰ ጡሮችን እንደምትጎበኚ ነገርኋት።

"ከኋላስ ምን ትጭናለች?"

"የመድኃኒት ሣጥን" አልሁ፤ አንቺ የጻፍሽልኝ ይህንኑ ነበርና።

"ሣጥን አይወዛወዝም፣ ጋሼ። ይኸው የመጫኛው እግሮች ወደ ግራና ቀኝ ተበልቅጠዋል። ራጂዎቹም በአንድ ቀን አልሄዱም፤ አንድ በአንድ እየተበጠሱ ነው።" ራጂ የምትላቸው መንኮራኩሩን ከእምብርቱ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። "ደግሞ ይኼን ብርድ ልብስ ለሣጥኑ ነው ያነጠፈችለት?"

በመጫኛው ላይ በገመድ የታሰረውን ብርድ ልብስ እኔም አይቼው ነበር። ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩ መስሎኝ ነበር።

"ሰው ነው የምትጭነው" አለች። "ያውም ከባድ ሰው።"

ነገሩን ለማጣራት ብስክሌትሽን ወዳመጣው ሾፌር ሄድሁ። እርሱም የምናውቅ መስሎት ሁሉን ዘረገፈልኝ። ምጥ የያዛትን ሴት ከኋላሽ አስቀምጠሽ ወደ ጤና ጣቢያው ስትወስጃት ቁልቁለቱ ላይ መንኮራኩሩ ታጠፈ፤ አንቺም መሬት እንዳይመታት ከሥሯ ገባሽ፤ ትከሻሽ የተሰበረው በዚህ ነው። እርሷ ጭረት ሳይነካት እዚያው መንገድ ዳር በሰላም ተገላገለች። "በአንድ እጇ ነው ያዋለደቻት፣ አባባ" አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ብስክሌት ባየሽ ቁጥር ፊትሽን እንደምታዞሪ ነገረኝ። ይህን ስሰማ ምን እንዳልሁ እዚህ አልጽፈውም። ሾፌሩን አመስግኜ፣ ቤት ከመግባቴ በፊት ሰፈሩን ጥቂት ዞርሁት።

አንቺ ለእኛ የጻፍሽው "መንገዱ መጥፎ ነበረ፣ ወደቅሁ" የሚል ነው። ልጄ፣ የእውነትን ግማሽ መናገር ውሸት አይባልም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ብዬ አላሳደግሁሽም። እናትሽ እንዳትጨነቅ ብለሽ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ምክንያትሽ መልካም ነው፤ ሥራሽ ግን ልክ አይደለም። እኔ ያልሽውን አምኜ ዝም ብል ኖሮ ቀጥ በል ለሣጥን የሚሆን መንኮራኩር ትሠራልሽ ነበር፤ በእርሱም ላይ ዳግመኛ ሴት ታስቀምጪበት ነበር።

ተመልሼ "ለሁለት ሰው ሥሪልኝ" አልኋት።

"አሁን ገና ተግባባን" አለች።

ለእናትሽም የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኋት። ከዚያ ወዲያ ከ"ምሳ ቀርቧል" በቀር አላነጋገረችኝም። እኔም በየቀኑ እየሄድሁ ቀጥ በል ስትሠራ ተቀምጬ አያለሁ። አንዱን ራጂ ጠበቅ ታደርግና ተቃራኒውን በጥቂቱ ታላላለች፤ ታሽከረክራለች፤ ዓይኗን ጨፍና በጥፍሯ ትነካካለች፤ የደከመች ስትመስል ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። "ጋሼ፣ እንደ ፈተና ጠባቂ አፍጥጠው አይቀመጡብኝ፤ እጄ ይሳሳታል" ስትለኝ ወንበሬን ወደ በሩ አዞርሁ።

ጨርሳ ብስክሌቱ ላይ ስትገጥመው ለመውሰድ ተነሣሁ። እጇን አነሣችብኝ።

"የሚሸከመውን ተሸክሞ፣ ወደ እኔ ተመልሶ ዳግመኛ ሳላጠብቀው ከዚህ ከተማ አይወጣም። ራጂ ቦታውን የሚይዘው በጭነት ነው።"

"እንግዲያስ አንድ ጆንያ አሸዋ እንጭናለን።"

"አሸዋ አይፈራም። ሰው ነው ሲፈራ የሚወዛወዘው። ሰው ያምጡ።"

እናትሽ ይህን ከበሩ ቆማ ሰምታ ኖሯል። ምሳ ሰዓት ስላለፈብኝ ልትወስደኝ መጥታለች። ገባችና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ይኼን ሁሉ የሰበረው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ" አለች ቀጥ በል።

"እና አንቺን አምኜ ነው ልጄን የምሰጥሽ?"

"አይመኑኝ። ይቀመጡበት።"

እናትሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች። "እቀመጣለሁ። በወፍጮ ቤቱ በኩል ባለው ኮረኮንች ቁልቁለት ነው የምንሄደው። አንዲት ሽቦ ከተበጠሰች ልጄ ትመጣለች፤ አንተም ስለ ሥራ ስለ ግዴታ አንዲት ቃል አትጽፍላትም።"

"ተስማምቻለሁ" አልሁ። "የሚነዳስ ሰው ከየት እናመጣለን?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ" አለች ቀጥ በል። "ወይስ ሌላ ባል አላቸው?"

ብስክሌት ለመጨረሻ ጊዜ የነዳሁት ከጋብቻዬ በፊት ነው። ሱሪዬን ከቁርጭምጭሚቴ በገመድ አስሬ፣ ኮቴን ቆልፌ ተነሣሁ። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ምላጩን እንደ ያዘ ወጣ፤ የሚላጨውም ሰው ፊቱ አረፋ እንደ ሆነ ተከተለው። "መምህር፣ በዚህ ፍጥነት ወዴት ነው?" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ፤ አንዲት እንስራ የተሸከመች ሴት በእግሯ ቀድማን እያለፈች። ድሮ ያስተማርሁት፣ ዛሬ ትራፊክ ፖሊስ የሆነ ሰው መኪና አስቁሞ ሰላምታ ሰጠኝ። ራሴን ነቅንቄ መለስሁለት፤ እጄን ከመሪው ላይ የማነሣበት ሁኔታ አልነበረም።

እናትሽ መጀመሪያ መጫኛውን ብቻ ይዛ እኔን ሳትነካ ተቀምጣ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር "ቀስ በል፣ አንተ ሰው" አለች። ከመጀመሪያው ድንጋይ በኋላ በሁለት እጇ ወገቤን ያዘች። ከሁለተኛው በኋላ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። እኔ ጆሮዬን ከኋላ ጥዬ የሽቦ ድምፅ እጠብቃለሁ። መንኮራኩሩ ድንጋዩን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሌላ ድምፅ የለውም። ከታች ደርሰን ቆምን፤ እርሷ ግን እጇን አልፈታችም።

"ያቺ ሴት እንዲህ ነው ልጄን የያዘቻት?"

"ይመስለኛል።"

"ምጥ ይዟት?"

"አዎን።"

"ሌላ የምትይዘው ሰው አልነበራትም ማለት ነው።" ከዚያ በኋላ፣ "ላክላት" አለችኝ።

እነሆ ልኬልሻለሁ። ቀጥ በል ዳግመኛ አጥብቃዋለች፤ አንድም ራጂ አልተበጠሰም። የፊተኛውም መንኮራኩር የእርሷው እጅ ሥራ እንዲሆን አስለውጬዋለሁ። ሐኪሙ ሳይፈቅድልሽ እንዳትነጂ። ስትጀምሪ በባዶው ጀምሪ፤ በመጀመሪያ ቁልቁለቱን በእግርሽ እየገፋሽ ውረጂው፤ ይህ ማንንም አያሳፍርም። ፊትሽን ግን አታዙሪ። ውሳኔው ያንቺ ነው። ለመምጣት ብትመርጪ በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ። ነገር ግን ወድቄያለሁ ብለሽ አትምጪ፤ አልወደቅሽም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ከቁልቁለቱ ስንመለስ የቀጥ በል ሥራ ቤት ደረስን፤ እኔ ግን አልቆምሁም፤ በወንዙ በኩል ያለውን መንገድ ያዝሁ። እናትሽ "አለፍኸው እኮ" አለችኝ። "ሁለት ጊዜ ዙሩ ተብለናል" አልኋት። ማንም እንዲህ አላለንም። ስትጽፊላት ይህን አታንሺባት።

እጅሽ ይጽና፤ መንገድሽ ይቅናልሽ። ከኋላሽ የሚቀመጡትንም ሁሉ በሰላም ያድርስልሽ።

አባትሽ