ቤዛዊት ያልተገኘችባቸው ሦስት ቀናት

ይድረስ ለእታለም ታይቱ፤

ክረምቱን እንዴት ከረሙ? እኛ ደህና ነን፤ የእንጅባራ ብርድም እንደ ወትሮው ነው።

ትናንት ባጃጅ ውስጥ አንድ ሰው «ንጹሕ አትሌት ከቤቱ አይጠፋም» ሲል ሰማሁ። እንዲያ ከሆነ የንስሐ አባታችን ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ ቤታቸው ተገኝተው አያውቁም።

ልጄ ቤዛዊት በየቀኑ የምትገኝበትን አንድ ሰዓት ለአበረታች መድኃኒት መርማሪዎች አስቀድማ ታስመዘግባለች። በዓመት ሦስት ጊዜ ካጧት ከሩጫ ትታገዳለች። መጀመሪያ ሲመጡ ለቅሶ ላይ ነበረች፤ ሞት ደግሞ ሰዓቱን አያስመዘግብም። ሁለተኛ ሲመጡ ጎረቤታችን ደሞዝ «እንዲህ የምትባል ልጅ እዚህ አገር የለችም» ብሎ መለሳቸው።

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ የማናውቀው ሰው በማለዳ በስም ሲጠይቅ ለደግ ነው?» አለኝ።

ሕጉን የጻፈው ሰው ጎረቤት ያለው አይመስለኝም። አሁን ሦስተኛውን ቆጥረው ደብዳቤ ላኩ። አቤቱታውን እኔ ነኝ የምጽፍላት፤ የቀረኝ የሦስተኛው ቀን ምክንያት ነው። ስጠይቃት «ልምምድ ረፈደብኝ» ብላ ትወጣለች።

ድንቹ ዘንድሮ መልካም ነው። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ፤ በጸሎትዎም ያስቡን።

ወንድምዎ ይኸነው

ሦስተኛው ቀን መርማሪዎቹ አንኳኩተው እንደሄዱ ከቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። በሩን ከውስጥ የከፈተችልኝ ቤዛዊት ናት።