በቀይ ነጥብ የመለስኩልሽ ደብዳቤ

ለተወደድሽው ባለቤቴ ለዓለምነሽ፤

አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቀድሞ ስጽፍልሽ ለእናትሽ ለወይዘሮ አማረች፣ ለወንድምሽ ለጴጥሮስ፣ ለእህትሽ ለማርታ በየስማቸው ሰላም በይልኝ እል ነበር። አሁን እነርሱ በእኔ በኩል ቀርተዋል፤ ስለዚህ አንቺ ባለሽበት ላሉት ሰላም በይልኝ። አባቴን አቶ ኤርጃቦን ጉልበቱን ስመሽ ልጅህ ማርቆስ ደህና ነው በይው፤ ሌላውን አትንገሪው። ያሳደገችኝን አክስቴን ወይዘሮ ወርቂቱን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሳንተያይ የተዛመድነውን ታላቅ ወንድምሽን ሳሙኤልን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ስም ሳናወጣለት በዘጠነኛው ቀን የተለየንን ልጃችንን ደግሞ፣ ምን ብለሽ እንደምትጠሪው ባላውቅም፣ ስለ እኔ አጥብቀሽ እቀፊልኝ።

ከተለየሽኝ አምስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። የምቆጥረው አንቺ ካረፍሽበት ቀን ጀምሬ ነው። መርዶው ከደረሰኝ ቀን ብቆጥር ግን በአሥራ ስምንት ቀን ያንሳል። በእነዚያ አሥራ ስምንት ቀናት አንቺ በዳምቦያ አፈር ውስጥ ነበርሽ፤ እኔ እዚህ አዋሽ ዳር አገዳ ስቆርጥ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስበላና ስስቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ልቤ አልነገረኝም። ልቤን የታዘብኩት ያኔ ነው።

የቤቱን ወሬ ላድርስሽ። ለለቅሶ መጥቼ አሥር ቀን ተቀምጬ ነበር። እናትሽ ከሆሳዕና ጠቅልለው መጥተው ከማርታ ጋር በእኛ ቤት ይኖራሉ። ከጓሮው እንሰት ትልልቆቹ ሁለቱ ለለቅሶኛው ተቆርጠዋል። በአንቺ ምትክ ከሀደሮ አንድ መምህር መጥቷል፤ ልጆቹ ግን ክፍሉን አሁንም የእትዬ ዓለምነሽ ክፍል ይሉታል። ማርታ ሰማያዊውን ሹራብሽን ልልበሰው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እሺ አልኳት። ከኋላዋ ሳያት ግን መቀመጥ አቃተኝና ወጥቼ እስኪደክመኝ ሄድኩ። ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ ብዬ ጥዬሽ የሄድኩለት ቤት አሁንም ክዳኑ ሣር ነው።

ዓለሜ፣ እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው እንደሆንኩ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የገበሬ ማኅበሩ ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያው የጽሕፈት አስተማሪ አድርጎ የመረጠኝ እውቀት ኖሮኝ ሳይሆን የእጅ ጽሑፌ ስላማረ ብቻ ነበር። አንቺ ደግሞ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተሽ እንደ እኔ ያሉትን አዲስ አስተማሪዎች እንድትረጂ ከሆሳዕና ተልከሽ መጣሽ። ተቆጣጣሪ ትመጣለች ሲሉኝ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ስትመዘግቢ በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኝ ነበር። አንቺ ግን ያለ ወትሮሽ ነጠላ ተከናንበሽ፣ ደብተር ይዘሽ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ከኋላ ተቀመጥሽ። ለጠየቀሽ ሁሉ በሀዲይኛ ስትመልሺ ዘመድ ጥየቃ የመጣች ፊደል ያልቆጠረች ልጅ መሰልሻቸው። ማን እንደሆንሽ አስቀድመሽ ስለነገርሽኝ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰሌዳ ላይ ወጥተሽ ስትጽፊ አውቀሽ ተሳሳትሽ። እኔ አለቃዬን እንዴት አርማለሁ ብዬ «ልክ ነው፣ ተቀመጪ» አልኩሽ። ሰዉ ከወጣ በኋላ ያልሽኝን አልረሳውም። «እኔን ፈርተህ ዝም ስትል የእነርሱንም ስህተት ዝም አልክ። አሁን እነዚህ ሰዎች ይህን ተሳስተው ለዘመድ ሲጽፉ ማን ሊያፍርላቸው ነው?» አልሽኝ። በማግሥቱ ለማካካስ ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ በኃይል ስሰርዝ ወይዘሮ አበበች የተባሉት ሴት ደብተራቸውን አጥፈው ሄዱ፤ ተመልሰውም አልመጡ። ያን ጊዜ አልተቆጣሽኝም። ቤታቸው ድረስ ይዘሽኝ ሄድሽና ይቅርታ አስጠየቅሽኝ። ስህተት አይሰረዝም፣ ከሥሩ ትንሽ ነጥብ ብቻ ይደረግለታል፣ የሚያስተካክለው የጸሐፊው የራሱ እጅ ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ ከዚያ ስንመለስ መንገድ ላይ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ አዲስ ስህተት እያመጣሽ ስትፈትኚኝ ከተማሪዎቹ አንዱ የነበሩት አቶ ላሬቦ ትዕግሥታቸው አለቀ። እኒያ ሽማግሌ በሰው ሁሉ ፊት ተነሥተው «አንተ ልጅ፣ ይቺ የሆሳዕና ልጅ ጭንቅላቷ አለት ነው እንዴ? በእሷ ምክንያት እኛ መቅረታችን ነው። ከወደድካት አግባትና ቤትህ አስተምራት!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንቺ በነጠላሽ ፊትሽን ሸፈንሽ፤ ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ከእኔም እጅ ጠመኔው ወደቀ። በዓመቱ ስንጋባ ሙሽራዋ መምህር መሆኗን ገና ያኔ የሰሙት አቶ ላሬቦ «ለካ ስትሰልለን ኖራለች!» ብለው በሠርጉ ላይ ሰውን ሁሉ አሳቁ።

ከቤት ወጥቼ እዚህ ስመጣም ማስተማርሽን አልተውሽም። በየደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ስህተት አውቀሽ ትደብቂ ነበር። እኔ ፈልጌ አገኝና በቀይ ነጥብ አድርጌ ከመልሴ ጋር እመልስልሽ ነበር፤ ከታችም እንደ መምህር ማርክ እሰጥሽ ነበር። ባለቤቷ ከአራተኛ ክፍል የቀረ መምህርት ባሏን ሳታሳፍር የምታስተምርበት መንገድ ይህ እንደነበር ዘግይቶ ገባኝ። ይህን ደብዳቤ እንደዚህ አድርጌ መጻፍ የቻልኩት በዚያ ነው።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ የመጣው በሰኔ ነው። ያለ ልማድሽ አጭር ነበር። መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቃላት ተዘለዋል፤ አንዳንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ስቆጥር አሥራ አንድ ስህተት አገኘሁ። ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ፤ የዓመቱን ፈተና ያወጣሽልኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ለጓደኞቼ እያሳየሁ «አያችሁ፣ ሚስቴ ዛሬ አክብዳብኛለች» አልኩ። አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ነጥብ አደረግሁባቸው። ከታች በትልቁ፣ በቀይ፣ «ተማሪ ዓለምነሽ፤ በዚህ ወር በጣም ሰንፈሻል። ወላጅ ይዘሽ ቅረቢ።» ብዬ ጻፍኩና ላክሁልሽ።

ተስቦ እንደያዘሽ አላወቅሁም። ያን ደብዳቤ የጻፍሽው ማርታ ጀርባሽን ደግፋሽ፣ ትኩሳቱ ዓይንሽን እየጋረደው እንደነበር አላወቅሁም። እንዳልደነግጥ ብለሽ መታመምሽን አልጻፍሽም፤ እጅሽ ግን ጽፎት ነበር። እኔ የፊደልሽን ጉድለት ሁሉ ሳይ ያንን ሳላይ ቀረሁ። ወላጅ ይዘሽ ቅረቢ ባልኩሽ ሳምንት እናትሽ እጅሽን ይዘው፣ የሠፈሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞሽ ወደ ሆሳዕና እየወሰዱሽ ነበር። ስለባሰብሽ ከመንገድ መልሰው አመጡሽ።

ለለቅሶ ስመጣ ከሁሉ በፊት የጠየቅሁት ስለዚያ ደብዳቤ ነው። ጴጥሮስ «ደርሷል፣ እኔ ራሴ አንብቤላታለሁ፣ ሥቃለች» አለኝ። ይህን ሲለኝ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ማርታ በገበያ ቀን ነጋዴ እንዳመጣው ታስታውሳለች፤ ከቀብሩ በፊት ይሁን በኋላ ግን አታውቅም። እናትሽ ሳይከፈት ከራስጌሽ እንዳደረጉት ነገሩኝ። ሦስቱም ይወዱኛል፤ ስለዚህ ማንኛቸውንም ማመን አልቻልኩም። ደብዳቤው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አንብበሽው ከሆነ ጨዋታችን መሆኑ ገብቶሻል ወይስ በሞት አፋፍ ላይ ባሌ ቀለደብኝ ብለሽ አዝነሽ ሄድሽ? በዚህ ነገር እንቅልፍ የለኝም።

እዚህ የሆነውንም ስሚ። ለአገዳ ቆራጮቹ የከሰዓት ትምህርት ቤት ኢዮብ የሚባል ኮሌጅ ጨርሶ የመጣ ወጣት የጽሕፈት አስተማሪ ተመደበ። የትምህርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር በአገሬ ማስተማሬን ሰምቶ ኖሮ ጠራኝና ሥራውን አንተ አሳየው አለኝ። ፈራሁ። ኢዮብም በመጀመሪያው ቀን «ጓድ ማርቆስ፣ ቅር አይበልህና አንተ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው የተማርከው?» አለኝ። አራተኛ ስለው ሳቁን ዋጠ። በዚያው ቀን ኢዮብ፣ ደሳለኝ የሚባል የሾኔ ልጅ ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ ተቀብሎ ግራና ቀኝ ሰረዘበትና ስህተቱን ጮክ ብሎ አነበበው። ሰው ሳቀ። ደሳለኝ ወረቀቱን ጨብጦ ኪሱ ከተተ።

እኔ እንዳንቺ ላድርግ ብዬ በማግሥቱ ከኋላ ተቀመጥኩ። አውቄ ልሳሳት ብዕር አነሣሁ፤ አልቻልኩም። ያስተማርሽው እጅ እምቢ አለ። አውቆ መሳሳት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ አንቺ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስለ እኔ ደንቆሮ መባልን እንዴት እንደቻልሽው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ደብተሬ ላይ እንባዬ ሲወርድ ኢዮብ አየኝና ሰዎቹን በጊዜ አሰናበተ። ከዚያ በኋላ ሁሉን ነገርኩት፤ ነጥቡንም፣ አሥራ አንዱንም፣ ወላጅ ይዘሽ ቅረቢ ያልኩትንም። «አንተ ከእኔ ብዙ ታውቃለህ፤ እኔ የማሳይህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስህተቱ ሲበዛብህ ብዕሩን አስቀምጥና ሰውዬውን ደህና ነህ ወይ በለው» አልኩት። 

በነጋታው ኢዮብ ደሳለኝ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» ሲለው ሰማሁ። ደሳለኝ የተጠቀለለውን መዳፉን ፈታና አሳየው። የአገዳ መቁረጫው ስለት የበላው እጅ አብጦ ነበር። በዚያ እጅ ነበር ለእናቱ የጻፈው። ኢዮብ ወደ ክሊኒክ ይዞት ሄደ።

ዓለሜ፣ አዲስ አስተማሪ በመጣ ቁጥር ይህን እነግረዋለሁ፤ ከማን እንደተማርኩትና በምን ዋጋ እንደተማርኩት ስምሽን ጠርቼ እናገራለሁ። ይህን በሕይወት እስካለሁ አላጓድልም። ቀይ ብዕር ግን ከዚያ ወዲህ አልያዝኩም።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው በስምሽ ወደ ዳምቦያ እልካለሁ። ማርታ ወዳለሽበት ታደርሰዋለች። የሰው ምስክርነት አልበቃኝም። ያ ደብዳቤ ደርሶሽ ነበር ወይ? አንብበሽዋል ወይ? አዝነሽብኛል ወይ? በሕልምም ቢሆን፣ በፈለግሽው መንገድ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ መልሱን ላኪልኝ።

ባለቤትሽ ማርቆስ