የደምለው ተዝካር

ደባርቅ፣ 1975 ዓ.ም.

ጥቅምት 8

ብርድ። ጠዋት ልታጠብ ብል የባልዲው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። ሳልታጠብ ላስተምር ክፍል ገባሁ። ማንም አላወቀብኝም።

ሰባተኛ ቢዎች ድርሰት አስረከቡ። ርእሱ «የቤታችን ውሻ»። ሁሉም ውሻ ታማኝ ነው፣ ሁሉም ውሻ ሌባ ይዟል። የሚነክስ ውሻ ያለው ልጅ እንዴት ይጠፋል? የላቀው ውሻ እንኳ ባለፈው ሳምንት ሱሪዬን ቀዶታል። ላቀው ሒሳብ አስተማሪ ነው፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ ከመምህራኑ ሁሉ የምግባባው እሱን ብቻ ነው። ስለ ሱሪው ግን ገና ይቅርታ አልጠየቀም።

ኅብረት ሱቅ ስኳር የለም። ሳሙና አለ። በረዶ ላይ ሳሙና ምን ያደርግልኛል?

ጥቅምት 14

የፊልሙ መኪና ከጎንደር መጣ። ገበያው ሜዳ ላይ አቡጀዴ ተወጠረ። መጀመሪያ የትራክተር ፊልም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ክንዴ ባጨበጨበ ቁጥር እኛም አጨበጨብን። ከዚያ የሶቭየት የጦርነት ፊልም። ነፋሱ አቡጀዴውን እየነፋው የጄኔራሉ ፊት ሲያብጥ ሲኮማተር አመሸ።

ጥሩ ነው ልበል? ታንኩ በዛ፣ ሰው አነሰ። አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ቦምብ እየወረደ ድንቿን መላጧን የማትተው... እሷን ወደድኋት። ከኋላዬ ከደረስጌ የመጣ ገበሬ፣ «ይኸ ሁሉ ጎረምሳ ሲዋጋ አዝመራውን ማን ሰበሰበው?» አለ። ከዚህ የተሻለ ሂስ ጋዜጣ ላይ አላነበብሁም።

እትዬ እናናዬን፣ አከራዬን፣ ይምጡ ብያቸው ነበር። «ጥይት ለማየት ሜዳ አልወጣም» አሉ።

ጥቅምት 20

ላቀው መጽሐፍ አዋሰኝ። ልብ ወለድ። ሽፋኑም የፊት ገጾቹም ተገንጥለዋል፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ደምለው የሚባል የጭሰኛ ልጅ ከተማ ገብቶ ይማራል፣ ተመልሶ ባላባቱን ይጋፈጣል። ባላባቱ እንደተለመደው ሆዳም ነው። ቀጭን ባላባት የሚጽፍ ደራሲ መቼ ይወለድ ይሆን? ፀሐይዋም ቢሆን አምሳ ጊዜ ካልተቆነጃጀች አትወጣም።

ለነገ ክፍል ይሆን እንደሆነ ብዬ አንዱን ገጽ ጮክ ብዬ አነበብሁ። እትዬ እናናዬ በግድግዳው ማዶ ሰሙኝ።

«ብቻህን ምን ታወራለህ?»

«መጽሐፍ ነው እትዬ።»

«እንግዲያ ወዲህ ና፣ እኔም ልስማው።»

ጥቅምት 27

ልማድ ሆነ። ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ፣ እሳቸው ጥጣቸውን ይዘው በረንዳ ይቀመጣሉ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አነባለሁ። እንዝርቱ ይሽከረከራል። መሠረተ ትምህርት ሦስተኛ ዙር ላይ ናቸው። ስማቸውን ይጽፋሉ፣ የኅብረት ሱቁን ማስታወቂያ በግድ ያነባሉ። መጽሐፍ ግን ገና ነው።

ዛሬ አቋረጡኝ።

«ይኸ ልጅ እናት የለውም?»

«አለችው። ምዕራፍ ሁለት ላይ ስንቅ ስታስርለት።»

«ከዚያ ወዲያ የታለች? ምን በላ፣ ምን ለበሰ የማትል እናት አለች?»

ፈለግሁ። እውነትም የለችም። ደራሲው ስንቋን አስቋጥሮ ረሳት። እኔም አማርኛ አስተማሪው ልብ አላልሁም።

ቀጥለው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የክርስትና ስሙን ጽፎታል?»

ሳቄ አመለጠኝ። «መጽሐፍ ላይ የክርስትና ስም አይጻፍም እትዬ።»

«ቢሞት በምን ስም ሊፈቱት ነው ታዲያ?»

ለላቀው የምነግረው ቀልድ አገኘሁ።

ኅዳር 2

ጥርሴ። ዛሬ ዓለም ሁሉ ጥርስ ነው።

ኅዳር 3

ቀልዱን ለላቀው ነገርሁት። አልሳቀም። ሻዩን አስቀመጠና ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ታገኘን አታውቀውም ለካ» አለኝ።

የእትዬ እናናዬ ልጅ ነው። አንድ ልጃቸው። ጎንደር ሲማር በዚያ ክፉ ጊዜ ታሠረ። አንድ ቀን ስንቅ ይዘው ሲሄዱ «እዚህ የለም» ተባሉ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ያኔ ማልቀስ ራሱ ያሳስር ነበር። ለቅሶ አልተቀመጡ፣ ነጠላ አላዘቀዘቁ፣ አርባ አላወጡ። እስከ ዛሬ ስሙን ሲያነሡ የሰማ ሰው የለም።

ዓመት ሙሉ በቤታቸው ኖሬ አላወቅሁም። እሳቸው «ቢሞት በምን ስም ሊፈቱት ነው» ሲሉኝ እኔ ስቄያለሁ። አፈርሁ። በጣም አፈርሁ።

ኅዳር 9

መጽሐፉን ቀድሜ ብቻዬን ጨረስሁት። የፈራሁት ነው። የባላባቱ ሰዎች ደምለውን ወንዝ ዳር ጠብቀው ይገድሉታል። ሬሳውን አያነሡትም። አጻጻፉ ሲያበሳጭ! ጅቡ ሲያሽካካ፣ ጨረቃዋ ስታለቅስ። እስከዛሬ እንዲህ ያለውን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እስቅ ነበር።

ይህን እንዴት ላንብብላቸው? «ላቀው መጽሐፉን ፈለገው» ብልስ? ግን ደግሞ በየቀኑ «ዛሬስ ምን ሆነ?» እያሉ በር ላይ ይጠብቁኛል።

ኅዳር 13

ለስብሰባ ጎንደር ነበርሁ። ማምሻውን የህንድ ፊልም ገባሁ። ጀግናው ጥይት በደረቱ ተቀብሎ ሁለት ዘፈን ዘፈነ፣ አገባ፣ እናቱንም አገኘ። ውሸት ነው። ግን ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ወጣ። እኔም ጭምር። ደምለውም እንዲህ ቢሆንስ?

ኅዳር 18

ዛሬ ጨረስሁላቸው። ወንዙ ዳር ስደርስ ዓይኔን ከገጹ ሳላነሣ ከራሴ ፈጠርሁ። ደምለው ተኩሱን አምልጦ፣ ቆላ ለቆላ ወርዶ፣ መተማን ተሻግሮ ሱዳን ገባ።

እንዝርቱ ቆመ።

«ሱዳን?»

«ሱዳን።»

«እሺ» ብለው ጥጣቸውን ሰብስበው ገቡ።

ጥሩ ነው። ከደራሲው አሳምሬ ጨረስሁት። ሰው በሰላም ተኝቶ ቢያድር ምን ይጎዳል?

ኅዳር 22

እትዬ እናናዬ ዝም ብለዋል። ራት ያቀርባሉ፣ «ብላ» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። የጾሙ ነው ልበል? መጽሐፉ ከመደርደሪያዬ የለም። ላቀው ወስዶት ይሆናል። ሳይጠይቅ መውሰድ ከውሻው ተምሮ ነው።

ታኅሣሥ 5

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። እንዝርት የለም። መጽሐፉ ጭናቸው ላይ ተከፍቷል፣ ጣታቸው ገጹ ላይ።

«ና ቁጭ በል» አሉ። ማንበብ ጀመሩ። ፊደል በፊደል፣ አንዱን ቃል ሁለቴ ሦስቴ እየመለሱ። «ደም... ለው... ወ... ደቀ።» ላብ ግንባራቸው ላይ ወጥቷል። «ወደቀ ነው የሚለው። ሱዳን የሚል ፈልጌ አጣሁ። አሥራ ምናምን ቀን ፈለግሁ።»

መሬት መሬቱን አየሁ።

«አየህ፣ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። አምስት ዓመት ሰው ሁሉ ታገኘ ሱዳን ነው ይለኛል። ወንድሜም፣ ጎረቤቴም፣ ነፍስ አባቴም። የሚያየኝ የለም፤ መሬት እያዩ ነው ሱዳን የሚሉኝ። አንተም መጽሐፍ እያየህ ሱዳን አልኸኝ።»

«እትዬ፣ እንዳያዝኑ ብዬ...»

«እንዳላዝን! አዘንሁ አላዘንሁ ማን ጠየቀኝ? ያልዋሸኝ ይኸ መጽሐፍ ብቻ ነው። በል እንደተጻፈው አንብብልኝ።»

አነበብሁ። ጅቡንም ጨረቃዋንም ሳልዘል። «ወደቀ» ስል ተነሡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አደገደጉ፣ ደረታቸውን መቱ። ጩኸታቸው ከእሳቸው ይወጣል ያልሁት አልነበረም። «ልጄን! ልጄን!»

ጎረቤት ገንፍሎ ገባ። ቀድማ የደረሰችው ማንጠግቦሽ ናት፣ የግቢያችን ተጎራባች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

እትዬ እናናዬ ወደኔ ጠቆሙ። አፌ ላይ የመጣልኝ ይኸው ብቻ ነበር። «ደምለው» አልሁ።

ማንጠግቦሽ እኔን አየች፣ መጽሐፉን አየች፣ ከዚያ እሳቸውን አየች። ደምለው ማነው ብላ አልጠየቀችም። እሷም ነጠላዋን አዘቀዘቀች። የመጡት ሴቶች ሁሉ እንደዚያው። አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም።

ታኅሣሥ 6

ግቢው ሰው በሰው ሆነ። ንፍሮ ተቀቀለ። እዝን የያዘ ይመጣል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ይቀመጣል። አምስት ዓመት ያጠራቀሙትን ነው የሚያለቅሱት፣ ሁሉም።

ጓድ ክንዴ ቀበሌ አስጠራኝ።

«ይኸ ደምለው የሚሉት ማነው? ከየትኛው ቀበሌ ነው?»

«የመጽሐፍ ሰው ነው ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ለመጽሐፍ ሰው ለቅሶ ይቀመጣሉ?»

«ባላባት ነው የገደለው።»

እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ባላባት ከሆነ የገደለው... ምን ይባላል እንግዲህ» አለና አሰናበተኝ። ወጥቼ ወደ ለቅሶው ተመለስሁ።

ታኅሣሥ 19

ፈተና አረምሁ። አንዱ ተማሪ የሚነክስ ውሻ ጽፏል። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። እትዬ እናናዬ ታቦት ለመሸኘት ወጥተው ነበር። ቤታቸው ጠላ ተጠምቋል። ለአርባው።

ጥር 14

የደምለው ተዝካር ዛሬ ወጣ። ካህናቱ ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱን ሊጀምሩ ሲሉ ነፍስ አባታቸው ቄስ ዝናቡ ወደ እትዬ እናናዬ ቀረቡ። አጠገባቸው ነበርሁ።

«የክርስትና ስሙን ንገሪኝ» አሉ በቀስታ።

እትዬ እናናዬ ቀና አሉ። ቄሱን ዓይን ዓይናቸውን እያዩ፣ «ገብረ ሥላሴ» አሉ።

ቄስ ዝናቡ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «አውቀዋለሁ። ያጠመቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። ቄሱም ዛሬ መሬት አላዩም። ከዚያ ዜማው ተነሣ፣ ገብረ ሥላሴ ገብረ ሥላሴ እየተባለ። ላቀው ከጎኔ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም።

ቤት ሲበላ ሲጠጣ ጓድ ክንዴ መጣ። ቆሞ አንድ ዋንጫ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ወጣ። ለማን እንዳለ አላውቅም።

ሰው ከሄደ በኋላ መጽሐፉን ለላቀው ልመልስ ብዬ አነሣሁት። መጥፎ መጽሐፍ ነው እል ነበር። አሁንም ጨረቃዋ አላማረችኝም። መጥፎ ነው ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም።

እትዬ እናናዬ ጥጣቸውን ይዘው በረንዳ ወጡ። ከዚያች ቀን ወዲህ እንዝርት ሲያነሡ ገና ዛሬ ነው።

«ሌላ መጽሐፍ አምጣ» አሉኝ። «እናቱን ያልረሳ።»

ገብቼ መደርደሪያዬን ሙሉ አገላበጥሁ። አንድም አላገኘሁም።