ሁሉም ያጨበጨበለት ትንታ

ለተወደድሽው፣ ለተከበርሽውና ለምታኮርፊው የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሥራሽ፣ ጤናሽ፣ ያ አስቸጋሪ ጥርስሽ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። አክስትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግራታል፤ ከሬዲዮኑ ይልቅ እሱን አምነን ልብስ ከገመድ እናወርዳለን። እኔም እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እተነፍሳለሁ። በተለይ የመጨረሻውን በጥንቃቄ ነው የምሠራው።

የምጽፍልሽ ግን ክስ ስላለኝ ነው። የላክሽልኝ ሹራብ አንገቱ ረዘመ። እጅጌ የረዘመበት ሰው አይቻለሁ፤ አንገት የረዘመበት እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። እስከ ጆሮዬ ይደርሳል። አክስትሽ አየት አድርጋኝ፣ ሳላውቅ ኤሊ ነው እንዴ ያገባሁት አለች። ደግሞ ይበላኛል። ከሁሉም በላይ የአንገቴን ጠባሳ ሸፈነብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ያገኘሁት አዲስ ጌጥ እሱ ብቻ ነው፤ አዲስ ሰዓት የገዛ ሰው እጅጌውን ይሰበስብ የለም? ስለዚህ አንገቱን በመቀስ ቆረጥኩት። ጠባሳውን ማየት የከበደው እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁና አትቀየሚኝ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንድ ቀን አነሳሽና የሻከረውን ድምፄን ስትሰሚ ስልኩ ተዘጋ። መስመሩ ነው ብለሽ ለእናትሽ ነገርሻት አሉ። እኔም ሲጠይቁኝ መስመሩ ነው አልኩ። ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ላይ ድምፄ እንደ ድሮው ነው።

ያን ዕለት አንቺም እዚያው ነበርሽ፤ ነገሩን ከእኔ ወንበር ሆነሽ ግን አላየሽውም። የምታገቢውን ሰው ልታስተዋውቂን ቤታችን ይዘሽው መጣሽ። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነው አልሽን። በሩን ጎንበስ ብሎ ገባና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ወዲያው ምሰሶው የሚል ስም አወጣሁለት፤ ቤቱ እንዳይወድቅብን ነው ያመጣሽው ወይ ብዬም ጠየቅኩሽ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እሱ አልሳቀም፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን በደንብ መረመረው። ያኔ እኔ በሳቅ ፈረስኩ። የጎረስኩት ሥጋ ገና አፌ ውስጥ ነበር።

አንቺ የወተት ጥርስሽ ሳይነቀል ጀምሮ እኔ ማዕድ ላይ ስሞት ኖሬአለሁ። ጉሮሮዬን አንቄ፣ ዓይኔን ገልብጬ ከወንበር እወርዳለሁ፤ ልጆች ሲጮሁ ብድግ ብዬ ምላሴን አወጣለሁ። እያደር ጩኸቱ ቀረና ጭብጨባ ሆነ። ስለዚህ ያን ቀን ጉሮሮዬን ስይዝ ወንድሞችሽ አጨበጨቡ። እናትሽ ዛሬ እንኳ በእንግዳ ፊት ተው አለችኝ። አንቺ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ አንቺን ነበር የማየው፤ ሌላ ጊዜ ከሁሉም ቀድመሽ የምትነቂብኝ አንቺ ነሽና።

ጨዋታውን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ምሰሶው ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ።

"ይሄ ጨዋታ አይደለም" አለ።

ጀርባዬን መታኝ፤ ከኋላ አቅፎ ሆዴን ወደ ላይ ጨመቀኝ። ሥጋው እንቢ አለ። ቤቱ ሲጨልምብኝ ቢላ ሲጠይቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ከማንቁርቴ በታች ያለችውን ለስላሳ ቦታ በጣቱ ፈልጎ ቆረጠ፤ ከደረት ኪሴ ደግሞ ያችን አጭር የፕላስቲክ ቱቦ አውጥቶ ሰካት። ለጎማ መንፊያ ብዬ የቆረጥኳት ናት። ዕድሜ ልኬን የሰው ብስክሌት ስነፋ ኖሬ በራሴ ዕቃ እኔኑ ነፋኝ።

ሆስፒታል ሳለሁ መናገር ስለማልችል መጠየቅ በጽሑፍ ሆነ። ምሰሶው ሊጠይቀኝ ሲመጣ በሥዕል ይመልስልኝ ነበር። እስቲ እጅሽን አንገትሽ ላይ አድርጊ። ቀለበት ቀለበት የሚል ነገር ይሰማሻል፤ የመተንፈሻ ቧንቧሽ ነው። ቀለበቶቹ እንዳይጣበቅ ከፍተው ይይዙታል። ግን ሙሉ አይደሉም፤ ከኋላ በኩል ክፍት ናቸው። ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ እዚያ ተደግፏቸው ስላለ፣ ትልቅ ቁራሽ ሲያልፍ ትንሽ ቦታ ይለቁለታል። ጥሩ ጎረቤት ማለት ይህ ነው። ከላይ ደግሞ ክዳን አለ፤ ስንውጥ ይዘጋል፣ ስንስቅ ይከፈታል። እኔ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አዘዝኩትና ግራ አጋባሁት። ክዳኑ ምን ያድርግ?

ድምፄን ማን እንደወሰደው ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ሥጋውም ቢላውም ትንሽ ትንሽ ወስደዋል አለኝ፤ ባይቆረጥ ኖሮ ግን ድምፄ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም ነበር አለ።

ይህን ለእናትሽ ብነግራት አልሰማ አለች። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ሰውየው ከሰዓት በኋላ እየመጣ ቁስሌን ያጥብልኝ ነበር። አንድ ቀን በር ላይ አገኘችውና፣ ወንድሜን ያረደ ሰው ልጄን አያገባም አለችው። ፋሻውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ድንገተኛ ክፍሉንም ትቶ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እንደሚቆጥር ሰማሁ፤ እጄን ማመን አቃተኝ ብሏል አሉ። አንቺም ለእናቴ ስል ነው ብለሽ ቀለበቱን መለስሽለት።

እናትሽን ለእኔ ተይልኝ። ታላቄ ስለሆነች ተቆጥታኝ ተቆጥታኝ ሲደክማት ትሰማኛለች። ግን እኔና አንቺ እንተዋወቃለን፤ ለእናትሽ ስትይ ማታ ቀደም ብለሽ እንኳ ገብተሽ አታውቂም። እሱን ባየሽ ቁጥር ምን እንደሚታይሽ የማላውቅ አይምሰልሽ። እሱ ሲነሳ አንቺ ተቀምጠሽ ነበር።

ይህን ጠርጥሬ፣ እናትሽ ሳታባርረው በፊት ጠይቄው ነበር። ቁስሌን እያጠበልኝ ሳለ፣ ያን ቀን ማን ሳቀ፣ ማን አጨበጨበ ብዬ ጻፍኩለት። ብዙ አሰበ። እንደምታውቂው ቀልድ አያውቅም፣ መዋሸትም አይችልበትም።

"አላየሁም። አንገትዎን ነበር የማየው" አለኝ።

እኔ ደግሞ ያየሁት ሃያ ዓመት ሙሉ ራሴ ያስተማርኩትን ሳቅ ነው። ደህና አድርገሽ ነው የተማርሽው። ካሁን በኋላ ያንን ቀን ብቻሽን የምታይበት ምክንያት የለሽም።

ልጽፍልሽ ያሰብኩት ገና ብዙ ነበር፤ ግን ቆይ። በብስክሌት መጠገኛ ሱቄ መስኮት አንድ ረጅም ሰው ብስክሌት እየገፋ ሲመጣ አያለሁ። ማዶ ቆመ። ግራ ቀኙን አየ። ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ክዳን ፈታና አየሩን በጣቱ ጫን እያለ አስወጣው፤ ቁስል እንደሚያጥብ ሰው በቀስታ። ጤነኛ ጎማ ነበር። ይህ ሰው በሕይወቱ የመጀመሪያውን ተንኮል ሲሠራ በዓይኔ አየሁ። አሁን መንገዱን ተሻግሯል፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ እያንኳኳ ነው። አክስትሽ ልትከፍት ተነስታለች።

ጎማው ክፉኛ ተጎድቷል እለዋለሁ። ቅዳሜ ሳምንት ከሰዓት በኋላ መጥተህ ውሰድ፣ ከዚያ በፊት አይደርስም እለዋለሁ። አንቺ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለሽም።

አየር አይጠርሽ፤ ሳቅሽም ጉሮሮሽ ላይ አይቅር።

ማዕድ ላይ ሁለተኛ የማይሞተው
አጎትሽ