ከስድሳዎቹ መነጽሮች በላይ ስለተሰቀለው ወረቀቴ

ለክቡር ካፒታን ኦኖፍሬ ቪላሩስ
የሳንታ ሞኒካ ቀበሌ ሊቀ መንበር፣ የአሮጌው ስኳር ፋብሪካ የኤርሶፍት ሜዳ ኃላፊ እና የበዓል ጨዋታዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ካፒታን ሆይ፣

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ያለኝን ከፍ ያለ የጤና ምኞት በማስቀደም፣ ይህ ደብዳቤ ሁለቱም ዓይኖችዎ እኩል እያዩ፣ የጠዋት ጋዜጣዎን ያለ ማንም እርዳታ እያነበቡ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። በእጅዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ቀደም ሲል በእጅዎ የሰጠኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከቢሮዎ ሥራ ብዛት የተነሳ እንደጠፉ በትሕትና ስለነገሩኝ፣ ይህኛው እንዳይጠፋብዎ በገበያው መግቢያ፣ በባለሦስት ጎማዎቹ ትራይሲክሎች ማቆሚያና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ለጥፌልዎታለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቁ ጎረቤቶቻችን ስል ጥቂት መስመር እንድጨምር ይፍቀዱልኝ። ኤርሶፍት አዋቂ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ እውነተኛ በሚመስሉ መጫወቻ ጠመንጃዎች የአተር ፍሬ የምታክል የፕላስቲክ ጥይት የሚተኳኮሱበት ጨዋታ ነው። ጥይቷ ክንድ ላይ ብታርፍ ቀይ ምልክት ትታ ታልፋለች፤ ጀርባ ላይ ብታርፍ ታስቃለች። ዓይን ግን አንዴ ከጠፋ መልሶ አይበቅልም። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ከጠመንጃው በፊት የሚመረጠው መነጽሩ ነው። እኔም ከአደባባዩ ማዶ ባለችው መነጽር ቤት ሌንስ ስቆርጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሴት ስለሆንኩ፣ ከዚህ በታች የምደረድራቸው ምስጋናዎች ካለማወቅ የመጡ አይደሉም።

አንደኛ፣ ስለጣሉብኝ አመኔታ አመሰግናለሁ። ከበዓሉ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ለሜዳው ያስመጧቸውን ስድሳ መነጽሮች በካርቶን አሸክመው ወደ ሱቄ መጡና፣ ለተጫዋቾች ደኅንነት የሚበቁ ስለመሆናቸው ወረቀት እንድጽፍልዎ ጠየቁኝ። አንዱን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ምት እንዲችል ተፈትኖ ያለፈ መነጽር ምልክቱ ጠርዙ ላይ ተቀርጾበት ይመጣል፤ ያኛው ምንም አልነበረበትም። ሌንሱን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ብስኩት ማሸጊያ ተንኮሻኮሸ። በጎኑና በአፍንጫው ሥር ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረው። ክንድዎን ባንኮኒዬ ላይ አሳርፈው ነበር፤ ከመዳፍዎ ሥር ደግሞ ንግድ ፈቃዴን ለማሳደስ የሚያስፈልገኝ የቀበሌ ማረጋገጫ ነበር፤ ፊርማዎ ገና አላረፈበትም። ሁለታችንም አየነው። እኔ ጻፍኩ፤ እርስዎ ፈረሙ። ያለ አንዲት ቃል እንዲህ በደንብ የተግባባሁት ሰው የለም።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሁሉ ይወቅልኝ። በሜዳው መግቢያ፣ ከመነጽሮቹ መደርደሪያ በላይ በመስታወት ተሸፍኖ የተሰቀለው «ለዓይን አስተማማኝ» የሚለው ወረቀት የእኔ ነው። ፊርማውም የእኔ ነው። ውሸት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀልድ ችሎታዎ። ወረቀቱ ሦስት ወር ሙሉ ሲከነክነኝ ቆይቶ፣ ከስድሳዎቹ አንዱን ተውሼ ወደ ቤቴ ወሰድኩና ጓሮዬ ካለው የፓፓያ ግንድ ጋር አሰርኩት። ከአሥር እርምጃ ላይ እንዲተኩስበት የለመንኩት ሩፊኖ ታሌዶን ነው። ሩፊኖን ያውቁታል፤ ለእርስዎ የቀበሌ ጥበቃ ነው፣ ለእኔ የአጥር ጎረቤት፤ እሁድ እሁድም ከሜዳው አይጠፋም። አንዴ ተኮሰ። ሌንሱ ሦስት ቦታ ተሰነጠቀና ስብርባሪው ግንዱ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ሩፊኖ ስብርባሪውን በጣቱ ነካካና፣ በዚያው ሳምንት ባኮሎድ ከተማ ወርዶ ምልክቱ የተቀረጸበት፣ ፊት ላይ ዙሪያውን የሚገጥም ወፍራም መነጽር ገዛ።

እኔም የተሰበረውን ሌንስ በመሐረብ ጠቅልዬ ኮሚቴዎ ፊት አቀረብኩ። መነጽሮቹ ይነሱ፣ ወረቀቴም ይመለስልኝ ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎም ሌንሱን ሳይነኩ፣ እንደ ታላቅ እህት አክብረው፣ «ማናንግ ፔርላ፣ እኛ የምንጫወተው ከሰው ጋር ነው እንጂ ከፓፓያ ጋር አይደለም» አሉኝ። ኮሚቴው እስኪያስለው ሳቀ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም ፈገግ አልኩ። ሁለቱን ደብዳቤዎች የጻፍኩልዎ ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ለፎቶግራፍ ውበት ስላለዎት ዓይን። የቅድስት ሞኒካ በዓል ዕለት ከጎረቤት ከተማ እንግዶች መጥተው ስለነበር፣ ፎቶግራፉ እንዲያምር ተጫዋቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መነጽር እንዲያደርግ አዘዙ። ሩፊኖ የራሱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሲገባ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ የተባለውን አንድ በአንድ ሰምቻለሁ።

«ያን የብየዳ መነጽር አውልቅና የሜዳውን አድርግ፤ እንግዳ አለብን» አሉት።

«ካፕ፣ ይሄኛው ይሻለኛል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አንተ የማን ጥበቃ ነህ?»

ሩፊኖ መነጽሩን አውልቆ አጥሩ ሽቦ ላይ ሰቀለው። እኔ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ከራስዎ በላይ የገዛ ወረቀቴ ተሰቅሎ ስላየሁት መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ ብዙ ዝም ብያለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ የከበደኝ የለም።

አራተኛ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነትዎ። ልቤ አላርፍ ስላለኝ ከፋብሪካው የእንፋሎት ማሞቂያ (ቦይለር) ክፍል መስኮት ውጭ ቆሜ ነበር። ሩፊኖ በዛገው ታንክ ጥግ ሲዞር፣ ከእንግዶቹ አንዱ ከስድስት እርምጃ ላይ ፊት ለፊት ገጠመው። ሁለቱም ደነገጡ፤ እንግዳው ተኮሰ። ከተኩሱ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ድምፅ መጣች። ሌንስ በመቁረጫው ላይ ሲከዳኝ የምሰማት ድምፅ ናት፤ ከሺህ ድምፅ መሀል እለያታለሁ። ሩፊኖ እንደ ጨዋታው ደንብ «ተመትቻለሁ» ብሎ እጁን አነሳ። እጁን ሳያወርድ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ማናንግ፣ ዓይኔ ውስጥ ውሃ ገባ እንዴ?» አለኝ።

ውሃ አልነበረም። እጁ ወደ ዓይኑ ሲሄድ በመስኮቱ ዘልዬ ሁለቱንም አንጓዎቹን ያዝኩ። ማሸት አይገባም፣ ማጠብ አይገባም፣ የገባውን ለማውጣት መሞከርም አይገባም። የወረቀት ኩባያ ቂጡን ቆርጬ ዓይኑን ሳይነካ እንዲጋርደው ደፋሁበትና በሻርፔ አሰርኩት። የተኮሰው እንግዳ ጠመንጃውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሩፊኖን ይቅርታ የጠየቀው እሱ ብቻ ነው። እርስዎ በድምፅ ማጉያው የአሥር ደቂቃ እረፍት አወጁ። መኪናችን ከበሩ ስትወጣ ተኩሱ እንደገና ሲጀመር ሰማሁ። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ነበር።

እስከ ባኮሎድ ባለው መንገድ ሁሉ እጆቹን አልለቀቅኳቸውም። አንዴ ብቻ፣ «ለጄሪሊን ራስሽ ንገሪያት፤ እኔ ስነግራት ታለቅሳለች» አለኝ። ጄሪሊን ሚስቱ ናት። ነገርኳት፤ አላለቀሰችም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ሁለት ቀን ቆመች ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ቀን ሐኪሟ ወጥታ፣ ከግራ ዓይኑ ያወጣችው የሌንስ ስብርባሪ እንደሆነ፣ ያ ዓይን ብርሃንና የእጅ ጥላ ከመለየት ያለፈ እንደማይጠበቅበት ነገረችን። መነጽሩ ባይሰበር ኖሮ ዛሬ ቤቱ ይሆን ነበር አለች።

አምስተኛ፣ ስለ ሆስፒታል ጉብኝትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጄሪሊን ለመድኃኒት ወርዳ ሳለ አንድ ቅርጫት ማንጎና አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ሩፊኖ ደኅናው ዓይኑም በጠብታ ደብዝዞ ፊትዎን እንኳ አይለይም ነበርና፣ ወረቀቱ ቀበሌው ለሕክምናው እንዲረዳው ማመልከቻ ነው ብለው ነገሩት፤ እጁንም ወደ መፈረሚያው መስመር መሩለት። ጄሪሊን ግልባጩን ከማንጎው ሥር አግኝታ አነበበችው። «መነጽሬን በገዛ ፈቃዴ ጨዋታው መሀል አውልቄያለሁ» ይላል።

ይህን ስትነግረው ሩፊኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «አንድ ዓይን ጎድሎብኛል። ሥራዬንም ልጣ?» አለ። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ እፈልጋለሁ፣ ግን ያንተ ጉዳይ ነው፣ አልፈልግም ካልክ እቀደዋለሁ አልኩት። ከዚያ በአራተኛው ቀን፣ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ በአጥሩ በኩል ጠራኝ።

«ስሜን ጻፊው፤ ሙሉ ስሜን። መነጽሩን አላወለቅኩም።»

ሩፊኖ ታሌዶ መነጽሩን አላወለቀም። የተበሳው ሌንስ ከነማሰሪያው በእኔ ዘንድ ነው፤ ሐኪሟ ያወጣችውም ስብርባሪ በሆስፒታሉ ዘንድ ነው፤ ሁለቱ ይገጥማሉ።

ከዚህ ወዲያ ያደረግሁትን ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ። ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሄጄ የምስክር ወረቀቴን በጽሑፍ ሰርዣለሁ፤ በሐሰት መጻፌንም በፊርማዬ አምኜያለሁ፤ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። ከሱቄ ደጃፍ ክዳን ያለው የእንጨት ሣጥን አስቀምጫለሁ። ማንም ሰው መነጽሩን ሲያመጣ ሣጥኑ ውስጥ እናስረዋለን፤ በሜዳው ዓይነት ጠመንጃ ከስድስት እርምጃ እንተኩስበታለን። ማንም ፊቱ ላይ አድርጎ አይሞክርም። ከሜዳው የመጡት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ፤ አሥራ ሰባቱ ተሰበሩ። ሁለቱን ደግሜ ስተኩስባቸው እነሱም ተሰበሩ። ከሽቦ መረብ የተሠሩትም አላስደሰቱኝም፤ ጥይቷ ስትፈርስ ፍርፋሪዋ በቀዳዳው ያልፋል። ለሚጠይቁኝ የምነግራቸው አጭር ነው። ምልክቱን ጠርዙ ላይ ፈልጉ፤ ጣት የሚገባበት ክፍተት ካለ ተዉት፤ እንፋሎት ቢጋርዳችሁ ከሜዳው ሳትወጡ አታውልቁ፤ በወረቀት አትመኑ፣ በእኔም ወረቀት ቢሆን።

ባለፈው እሁድ ወደ ሜዳዎ የመጡት አራት ሰዎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ ከአራቱ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ነበሩ አሉ። ስለዚህ ልመናዬ ጥቂት ነው። ስድሳዎቹ መነጽሮች በሕዝብ ፊት ይሰባበሩ። ያ ከማንጎው ሥር የተገኘው ወረቀት ይቀደድ። ሩፊኖም በሥራው ይቆይ፤ በአንድ ዓይንም ቢሆን ከብዙዎቻችን የተሻለ ያያል። የቀበሌ ማረጋገጫዬ በጥር እንደሚታደስ አልረሳሁም። በዚያን ቀን ባንኮኒዬ ላይ ክንድዎን ለማሳረፍ ሲመጡ ወንበር አዘጋጅልዎታለሁ፤ ብዕር ግን አላዘጋጅልዎትም።

ዝምታን በሥርዓት ያስተማሩኝን ውለታዎን ዕድሜ ልኬን የማልረሳ፣ ትምህርቱን ግን በዚህች ዕለት በታላቅ አክብሮት የምመልስልዎ፣ ለጤናዎ፣ ለሹመትዎና በተለይም ለዓይኖችዎ ረጅም ዕድሜ የምለምን፣

ፔርላ ሱማጋይሳይ
ሌንስ ቆራጭ፣ ሳንታ ሞኒካ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በበዓሉ ዕለት እርስዎ ራስዎ ሲጫወቱበት የዋሉትን መነጽር በግርግሩ መካከል ከዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ረስተው ሄደው፣ ከሩፊኖ ዕቃ ጋር ተደባልቆ እኔ ዘንድ ደርሷል። ከስድሳዎቹ አንዱ አይደለም። ባለቤቱን ሳላስፈቅድ ሣጥኑ ውስጥ ስላሰርኩት ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ከስድስት እርምጃ አሥራ አንድ ጊዜ ተተኩሶበት አንዲት ጭረት እንኳ አልወጣበትም። ፊት ላይ ዙሪያውን ይገጥማል፤ ምልክቱም ጠርዙ ላይ ተቀርጿል። በንጹሕ ጨርቅ ወልውዬ አስቀምጬልዎታለሁ፤ በተመቸዎ ሰዓት ይውሰዱት። ምርጫዎን አደንቃለሁ፤ የእኔ ምስክርነት አላስፈለገዎትም።