ከለቅሶው ኮት ኪስ የወጣችው ሮተር

ሐሙስ

መኪናዋን የገደልኳት እኔው ነኝ። ሞተሯ አልተቃጠለም።

ድሮም ሌባ ስለምፈራ ማታ ማታ ኮፋኖውን ከፍቼ ሮተሯን እነቅላለሁ። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የምትሽከረከር፣ አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት፤ እሷ ከሌለች እሳት ካንዴላዎቹ ጋ አይደርስም። ጠዋት መልሼ እገጥማት ነበር። ባለቤቴን ብርቄን የቀበርን ለት ግን ነቅዬ ቀረሁ። ከጎኔ ባዶ ወንበር ይዤ መንዳት አቃተኝ። ለልጄ ለሰላም ሞተሩ ተቃጠለ አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ። አምላኬ ይቅር በለኝ።

እሑድ የሰላም ልጅ ክርስትና ነው። ብርቄ የልጅ ልጇን በዚችው ዲኤክስ መኪናችን ወስዳ ለማስጠመቅ ስትመኝ ነው የኖረችው። ዛሬ ሰላም ደውላ ታክሲ እጠራለሁ ስትለኝ፣ እኔ አደርሳችኋለሁ ብዬ አረፍኩ። በሞተችው? ብላ ሳቀች።

ዓርብ

ሮተሯ ከለቅሶው ኮት ኪስ ተገኘች። ጫፏ ተበልቷል። የዲስትሪቢውተሩ ክዳንም ተሰንጥቋል። በጾም አፌ ከቡልቡላ ላምበረት ድረስ ሄድኩ። ባለ መለዋወጫው «አባባ፣ ሙዚየም ጠይቀዋል?» አለኝ። ቢያሾፍም ካርቶኑን ሁሉ ገልብጦ ሁለቱንም አገኘልኝ። ስመለስ ድካም የሚባል አልተሰማኝም።

ቅዳሜ

የእኔ ነገር! የካንዴላ ገመዶቹን ከአሮጌው ክዳን ባንዴ ነቀልኳቸው። የቱ የት እንደነበር ጠፋኝ። በግምት ሰካሁ። ባትሪው ስለሞተ ጎረቤቴ አሊ ከታክሲው በኬብል አገናኘልኝ። ቁልፉን ሳዞር አስነጠሰች፣ ፓ አለች፣ ከዚያ ዝም።

«ጋሽ ታደሰ፣ አንዱን እየነቀሉ አንዱን መሰካት ነው እንጂ፣ ሽንኩርት ነው እንዴ?»

እሱ ይስቃል፣ እኔ ነገን እያሰብኩ እመቤቴን ጠራሁ። ምን ላድርግ ብዬ የገመዶቹን ቅባት በቤንዚን ስጠርግ፣ በየገመዱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ብቅ አለ። አንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ እስከ አራት። አሮጌው ክዳን ላይም እንደዚያው። የብርቄ የጥፍር ቀለም! ያኔ ስትቀባው ለመኪናም ጥፍር ትቀቢ ጀመር ብዬ ተቆጥቻት ነበር። የቱ ገመድ የት እንደሚሰካ እንደምረሳ ታውቅ ነበር።

አሮጌውን ከአዲሱ አጠገብ ይዤ በነጠብጣቡ ሰካሁ። ተነሳች። አሊ እልል አለ፣ ያንን ጢሙን ይዞ።

እሑድ

በማለዳ ወጣን። ሰላም ጋቢና፣ የእናቷ ቦታ፣ ሕፃኗን ታቅፋ። ከቤተ ክርስቲያን ሳንደርስ አወጣሁት፤ ሞተሯ ደህና ነበረች፣ ሮተሯን የደበቅኩት እኔ ነኝ አልኳት።

«አባዬ፣ የተቃጠለ መኪና በየቅዳሜው ሲታጠብ የት አይተሃል?»

ስቀን ስቀን ሕፃኗን ቀሰቀስናት። ወለተ ማርያም ተባለች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ጡሩምባ እየነፋሁ፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ።

አሁን ሲመሽ እጄ በልማዱ ኮፋኖውን ከፈተ። ክዳኑን ነካሁት፤ ገና ሞቅ ይላል። ኮፋኖውን መልሼ ዘጋሁና ገባሁ። ሮተሯን አልነቀልኳትም።